አድማጭ አፍ ሲያወጣ፤ ከአዝማሪ ቤት እስከ ካሚሪቱ



ከጥቂት ወራት በፊት በንባብ ማታችን ላይ የተነሣውን ጠብ የማያስታውስ አለ ብዬ አልገምትም። አንዱ ወንድማችን ግጥሙን በማንበብ ላይ ሳለ፣ ከኋላ ጀሪካን ገልብጠው ከተቀመጡት መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ወረወረ። ስንኙ ሰምና ወርቅ ነበረበትና ግማሹ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ወርቁ የደረሰው ሰው ግን አልሳቀም። እሱ ተነሣ፤ ሌላው ተነሣ፤ ፋኖሱ ተገለበጠ፤ ማታውም በዚያው ተበተነ። በማግሥቱ ተሰብስበን «ከእንግዲህ አንባቢ ያነባል፣ አድማጭ ያዳምጣል፤ አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» ተብሎ ተወሰነ። ያን ውሳኔ እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት አንዱ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት የንባብ ማታዎች አልፈዋል። ጠብ የለም። ሰውም የለም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። የመጡትም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ ሲያበቃ አጨብጭበው ይሄዳሉ። ይህ ነገር ዕረፍት ነሣኝና «ለመሆኑ አድማጭ ማለት ማን ነው? ድምፅ የማሰማት ድርሻውስ ምን ያህል ነው? አፍ ሲያወጣስ የሚፈራው ማን ነው?» እያልሁ የማውቀውን ታሪክ አገላበጥሁ። ያገኘሁትን እነሆ። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. በአገራችን

በአገራችን ሙዚቃ ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። በገና ሲደረደር አንገት ደፍቶ ማዳመጥ ወግ ነው። ከዚያ ውጭ ባለው ግን አውጪ ካለ ተቀባይ አለ። በሠርግ ቤት አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ተቀባይ ያጣች አውጪ ሁለተኛ አትደግምም። በለቅሶ ቤት አልቃሽዋ የሟቹን ታሪክ በሙሾ ስትደረድር ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ይመልሳል። ፉከራም ቢሆን ከዙሪያው የሚያጋፍር ከሌለ ፉካሪው ብቻውን የሚጮኽ ሰው ነው።

ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ ረቅቆ የሚገኘው በአዝማሪ ዘንድ ነው። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ሲዘፍን እንግዳው «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ዜማውን ሳያቋርጥ ጆሮውን ይሰጣል። እንግዳው ስንኙን በንግግር ድምፅ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ ስንኝ በዜማ አልብሶ ለጉባኤው ይመልሳል። እንግዳው የሰጠው ስንኝ ቤት ባይመታ አዝማሪው ያስተካክለዋል፤ ነገሩ ቢከር ያለዝበዋል፤ ቢለሰልስ ይስለዋል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የተዘፈነው ዘፈን የአዝማሪው ብቻ አይደለም፤ የእንግዳውም ብቻ አይደለም። ነገ ማታ በዚያው ቤት ሌላ ሰው ሲቀመጥ ዘፈኑም ሌላ ይሆናል።

አዝማሪ የሕዝብ ጋዜጣ ነበር ሲባል የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እርሱ የሚዘፍነው ከራሱ ልብ ያፈለቀውን ብቻ ሳይሆን ቤቱ የሰጠውንም ነው። ይህን ጠላትም ያውቅ ነበር። በየካቲት 1937፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ያ ፋሽስት እየዞሩ የሚዘፍኑትንና የሚተርኩትን፣ ጠንቋዮችንም ጭምር እያስያዘ እንዲረሸኑ አዘዘ። ጠመንጃ ስለያዙ አልነበረም። የያዙት ከአንዱ አፍ ተቀብሎ ለሌላው ጆሮ የሚያቀብል ድምፅ ነበር። ለገዢ ከዘፋኙ ይልቅ የሚያስፈራው ተቀባዩ ነው።

፪. የተቀረጸ ድምፅ

አሁን ወደ ካይሮ ልውሰዳችሁ። በ1944 ሐሊም ኤል ዳብህ የተባለ ወጣት ግብፃዊ፣ በዚያን ጊዜ ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ከአንድ ራዲዮ ጣቢያ ተውሶ፣ ሴቶች ወደሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ይዞት ገባ። ዛር ከእኛ አገር ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ እንደ ተሻገረ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። በጎንደርም ቢሆን በካይሮ የዛር ሥርዓት ተመልካች የለውም። የሚያጨበጭበው፣ ከበሮ የሚመታው፣ የዛሩን ዘፈን የሚያወጣው ሁሉ የነገሩ አካል ነው። ጭብጨባው ቢቆም የታመመችው አትነሣም። ከ1932 ጀምሮ የጎንደርን ዛር ያጠናው ፈረንሳዊ ሚሼል ሌሪስም ኋላ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከቴያትር ጋር እያነጻጸረ ጽፏል።

ኤል ዳብህ የቀረጸውን ድምፅ ወደ ራዲዮ ጣቢያው መልሶ ወሰደው፤ የሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እየለቀቀ፣ አንዳንዱን ድምፅ እየቀነሰ፣ ሌላውን እያጎላ አዲስ ነገር አደረገው። ከዚያም በዚያው ዓመት በካይሮ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ለሕዝብ አሰማ። ዛሬ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ በመቅረጸ ድምፅ ከተሠሩት የዓለም ሙዚቃዎች ከመጀመሪያዎቹ ይቆጥሩታል፤ በፓሪስ ፒየር ሼፈር ተመሳሳይ ነገር በማቅረብ ስም ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው።

ይኸው ሰው ኋላ ወደ አገራችን መጣ። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ ከበሮ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ ላይ ተሰለፉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር፤ የተናቀውን አዝማሪ አክብሮ በአዳራሽ አሳይቷል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። መሰንቆው ወደ መድረክ ሲወጣ «ተቀበል!» የሚለው ሰው ከታች በጨለማ ውስጥ ቀረ። ድርሻው ትኬት መቁረጥና ሲያበቃ ማጨብጨብ ሆነ። ክብር ተገኘ፤ ምላስ ግን ጠፋ። ይህን የምለው ኦርኬስትራውን ለመንቀፍ አይደለም። ማናቸውም መድረክ ይህን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማመልከት ነው።

፫. የተተከለ ድምፅ

በአውሮፓና በአሜሪካ ግን በዚያው ዘመን ነገሩ በተቃራኒው ይሄድ ጀመር። እነርሱ መቶ ሁለት መቶ ዓመት በዝምታ ተቀምጠው ሙዚቃ ከሰሙ በኋላ ዝምታው ሰለቻቸው። በ1952 አሜሪካዊው ጆን ኬጅ አንድ ሥራ አቀረበ፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ፒያኖው ፊት ተቀምጦ ለአራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሴኮንድ አንዲት ቁልፍ ሳይነካ ቆየ። የተሰማው ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታና የውጭው ነፋስ ነበር። «ሙዚቃው እናንተው ናችሁ» ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ተቆጣ።

ከዚያ በኋላ ማክስ ኒውሃውስ የተባለ የከበሮ ተጫዋች መጣ። በ1966 በኒውዮርክ አንድ ራዲዮ ጣቢያ ውስጥ አሥር የስልክ መሥመሮች አስገጥሞ አድማጮች ከየቤታቸው ደውለው የፈለጉትን ድምፅ እንዲያሰሙ ጋበዘ፤ ድምፆቹንም እያዋሐደ እዚያው በራዲዮ መልሶ አሰማቸው። በ1977 ደግሞ ያንኑ ሐሳብ አስፍቶ፣ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ጣቢያዎችን በማገናኘት የአሜሪካ አድማጮች በስልክ እንዲያፏጩ አደረገ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር፣ እግረኛ በሚረግጠው የብረት ፍርግርግ ሥር፣ ቀን ከሌት የሚያስተጋባ ድምፅ ተከለ። ምልክትም ጽሑፍም አልነበረውም። አላፊ አግዳሚው ሰማም አልሰማ ድምፁ እዚያው ነበር፤ በ1992 ተቋርጦ በ2002 እንደገና ተከፈተ። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ሥራ «ሳውንድ ኢንስታሌሽን» ይሉታል፤ በእኛ አፍ «የተተከለ ድምፅ» ብንለው ያስኬዳል። ዛሬ በየአገሩ ሰው ሲገባበት፣ ሲነካው፣ ሲናገርበት ድምፁን የሚለውጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ተሠርቷል።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። የደወለው ሰው ያፏጫል፤ ፉጨቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ባለመሣሪያው ነው። አዝማሪ ቤት ያለው እንግዳ ግን ቃሉን ይሰጣል፤ ቃሉም ትርጉም አለው፤ ሰውን ያስቃል ወይም ያስቀይማል። ድምፅ መስጠትና ቃል መስጠት አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ ገልጦ ያሳየን፣ በዚያው በ1977 ዓመት ከናይሮቢ ብዙም በማይርቅ አንድ መንደር የተደረገው ነገር ነው።

፬. ካሚሪቱ

በቅድሚያ ከናይሮቢ እንጀምር። የኬንያ ብሔራዊ ቴያትር እንግሊዞች በ1952 የከፈቱት ቤት ሲሆን፣ ነፃነት ከመጣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም በመድረኩ ላይ የበዛው የውጭ አገር ቴያትር ነበር። በጥቅምት 1976 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሚቼሬ ሙጎ በጋራ የጻፉት፣ በ1957 እንግሊዞች ስለ ሰቀሉት የማው ማው መሪ ስለ ዴዳን ኪማቲ የሚናገር ቴያትር በዚያ ታየ። በመጨረሻው ትዕይንት ተዋናዮቹ እየዘፈኑ ከመድረክ ወርደው በሕዝቡ መካከል ሲያልፉ ሕዝቡ ተነሥቶ ተከተላቸው፤ ዘፈኑም ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ መንገዱ ፈሰሰ። ፊት ለፊት ኖርፎክ ሆቴል ነው፤ የድሮ ሰፋሪዎች የሚዝናኑበት ቤት። ያን ዕለት ማን ተዋናይ ማን ተመልካች እንደ ነበር መለየት አይቻልም ነበር።

ካሚሪቱ ደግሞ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሊሙሩ የምትገኝ መንደር ናት። አመሠራረቷን የሰማ የካምፕ ነዋሪ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። በ1950ዎቹ በማው ማው ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ገበሬውን ከየጎጆው ነቅለው፣ ከጫካው ተዋጊ ጋር እንዳይገናኝ በአንድ ቦታ ካጎሩባቸው መንደሮች አንዷ ነች። ሰው ወዶ የመሠረታት አይደለችም። ነፃነት ከመጣም በኋላ መሬት ያልነበረው በዚያው ቀረ፤ በሻይ እርሻና በሊሙሩ ባታ ጫማ ፋብሪካ እየሠራ ኖረ።

በ1976 አንዲት የመንደሩ ሴት ወደ ንጉጊ ቤት ሄደች። ንጉጊ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በእንግሊዝኛ በጻፋቸው ልቦለዶች ዓለም ያወቀው ደራሲ ነበር። ሴትዮዋ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ መማርህንና መጻፍህን ሰምተናል፣ ለመንደሩስ ምን አካፈልህ ነው ያለችው። በተከታታይ እሑዶች እየተመላለሰች ነዘነዘችው። ከዚህ በኋላ ነው ንጉጊና ሌሎች ምሁራን ከመንደሩ ሰዎች ጋር የካሚሪቱን የትምህርትና የባህል ማዕከል ማንቀሳቀስ የጀመሩት። መሠረተ ትምህርት ቀደመ፤ ቴያትሩ ተከተለ።

ሁለቱ ንጉጊዎች፣ ማለት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ፣ በመንደሩ ቋንቋ በጊኩዩ የቴያትሩን ረቂቅ ጻፉ። ስሙ «ንጋሂካ ንዴንዳ» ይባላል፤ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» እንደ ማለት ነው። በ1977 የጸደይ ወራት ረቂቁ ለመንደሩ ሰው ጮክ ተብሎ ይነበብ ጀመር። እዚህ ላይ ነው አድማጭ አፍ ያወጣው። አሮጊቶቹ «ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም» እያሉ ንግግሩን አቀኑ። የፋብሪካው ሠራተኞች ተቀምጠው በቀን ስንት እንደሚያመርቱና ስንት እንደሚከፈላቸው አስልተው ለደራሲዎቹ አስረዱ። በማው ማው ዘመን ጠመንጃ በእጃቸው ሠርተው የነበሩ ሰዎች በመድረክ ላይ የሚታየው ጠመንጃ እንዴት መሠራት እንዳለበት ተከራከሩ። የሠርጉ ትዕይንት ላይ ያለውን ጊቲሮ የሚባለውን የጥንት የሴቶች ዘፈን፣ አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ቃል በቃል አስጻፈች። ሁለቱ ምሁራን ጸሐፊ ሆኑ፤ ሴትዮዋ ደራሲ ሆነች።

መድረኩንም የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በአንድ ወጣት የሚመሩ ልጆች በመጀመሪያ በክብሪት እንጨት መሬት ላይ ንድፉን አወጡ፤ ቀጥሎም ትንሽ አርአያ ሠሩ፤ ከዚያ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ የሚይዘውን ጣራ አልባ ቴያትር አነጹ። መለማመጃውም በገላጣ ሜዳ ስለ ነበር የፈለገ ሁሉ እየመጣ ያያል፤ ያረመውን ያርማል፤ ዘፈኑን አብሮ ይዘፍናል። ቴያትሩ ጥቅምት 2 ቀን 1977 ሲከፈት ከተመልካቹ ብዙው ሰው ዘፈኖቹን በቃሉ ያውቃቸው ነበር። ከሩቅ መንደር አውቶቡስ ተከራይተው የሚመጡ ነበሩ።

ሰባት ሳምንት አልሞላም። ኅዳር 16 ቀን 1977 የወረዳው ባለ ሥልጣን የማሳያ ፈቃዱን ነጠቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከቤቱ ተይዞ ካሚቲ እስር ቤት ገባ፤ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። በልቦለዶቹ መንግሥትን ሲነቅፍ ኖሮ አልታሰረም ነበር፤ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ነበሩና የሚያነባቸው የተማረው ብቻ ነበር። ያሳሰረው ሁለት ሺህ ሰው አብሮት መዝፈኑ ነው። እስር ቤት ሆኖም በሽንት ቤት ወረቀት ላይ አንድ ልቦለድ በጊኩዩ ጻፈ።

ከእስር ከተፈታ በኋላ የካሚሪቱ ሰዎች «ማይቱ ንጁጊራ» የተባለውን ሁለተኛ ሥራ ያዙ፤ «እናቴ ሆይ ዘፍኝልኝ» ማለት ነው። ይህ ከንግግር ይልቅ ዘፈን የበዛበት፣ ከልዩ ልዩ የኬንያ ብሔረሰቦች የተሰበሰቡ ዜማዎች የተዋሐዱበት ሥራ ነበር፤ ታሪኩ በ1930ዎቹ የቅኝ ግዛት ዘመን ጥቁሩ ሠራተኛ የማንነት ወረቀቱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ስለሚሄድበት ጊዜ ነው። የካቲት 19 ቀን 1982 በናይሮቢ በብሔራዊ ቴያትር ሊከፈት ተቀጠረ። ሰዎቹ ሲደርሱ በሩ ተቆልፎ ፖሊስ ቆሞበት አገኙት። ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተመለሱና ልምምድ ብለው ቀጠሉ። ልምምድ ፈቃድ አይጠይቅም ብለው ነበር። ሕዝቡ ወሬውን ሰምቶ ጎረፈ፤ ወንበሩ ሞላ፣ መተላለፊያው ሞላ፣ በመስኮት የሚያዳምጥ በዛ። እንደ ንጉጊ ግምት ያን «ልምምድ» ያየው ከአሥር ሺህ ሰው ይበልጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያም ተከለከለ። መጋቢት 11 ቀን ማዕከሉ ታገደ፤ በማግሥቱ መጋቢት 12 ቀን 1982 በሦስት የጭነት መኪና የመጡ ፖሊሶች የካሚሪቱን ቴያትር አፈረሱት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኛ ሳይነገረን እናውቀዋለን። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዚያው ዓመት ለመጽሐፍ ምረቃ ወደ ለንደን ሄዶ በስደት ቀረ፤ አገሩን እንደገና የረገጠው በ2004 ነው። ንጉጊ ዋ ሚሪ፣ አዘጋጁ ኪማኒ ጌካውና ሚቼሬ ሙጎ ወደ ዚምባብዌ ተሰደዱ። ንጉጊ ዋ ሚሪ በ2008 እዚያው ሞተ፤ ሚቼሬ ሙጎ በ2023፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በግንቦት 2025 በአሜሪካ አረፉ። ዛሬ እኛ ጥገኝነት የጠየቅንባት አገር በዚያን ጊዜ የራሷን ልጆች ለሌላ አገር ስደተኛ አድርጋ ነበር። ስደት የአንድ ሕዝብ ዕጣ ብቻ አይደለም።

፭. ናይሮቢ ዛሬ፣ ካምፓችንም

የመውጫ ወረቀት አግኝቶ ናይሮቢ የደረሰ ሰው ከተማዋ በድምፅ ብቻ እንደምትታወቅ ይመሰክራል። የማታቱ ረዳት ጎኗን በመዳፉ እየደበደበ ሹፌሩን ያስቆማል፣ ያስነሣል፤ ኢስሊ ሲደርሱ አዛንና አማርኛ ዘፈን ይቀላቀላሉ። ዛሬ ይህን ድምፅ የሚሰበስቡ ወጣቶች አሉ። የናይሮቢን ድምፆች የሚያከማች ለማንም ክፍት የሆነ ማኅደር ተቋቁሟል። ከእነዚሁ ወጣቶች አንዱ ጆሴፍ ካማሩ ነው፤ የአያቱ ሞክሼ ነው፤ አያቱ በ2018 ያረፈው የጊኩዩ ታላቅ ዘፋኝ ጆሴፍ ካማሩ ነበር። የልጅ ልጁ ከመንገድ፣ ከነፋስ፣ ከመሣሪያ ጩኸት በሚቀርጸው ድምፅ የሚሠራ ሲሆን ዛሬ በአውሮፓ ስሙ ይጠራል። በ2022 ያወጣው አንድ ሥራ የተሠራው ቤልጅግ አገር በቅኝ ግዛት ጊዜ ከአፍሪካ ተቀርጸው በሙዚየም ከተቀመጡ ድምፆች ነው። ሥራው የሚያነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ዘፋኙ አፍሪካ፣ ድምፁ አውሮፓ፤ ድምፁ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አንድ ጊዜ እዚህ ካምፓችን ውስጥ መቅረጸ ድምፅ የያዙ እንግዶች መጥተው ነበር። የውኃውን ቧንቧ ሰልፍ፣ የቡና ሙቀጫውን፣ የልጆቹን መዝሙር ቀረጹ። እናቶችን «አንድ ነገር ዝፈኑልን» አሏቸው፤ ዘፈኑላቸው። በወረቀታቸው ላይ «ተሳታፊዎች» ብለው እያንዳንዳችንን አስፈረሙን። ተመልሰን እናሰማችኋለን ብለው ሄዱ። እስካሁን አልሰማንም። ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም፤ ቡናችንን ጠጥተው፣ በፈገግታ ተሰናብተውን ነው የሄዱት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ተሳትፎ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሰጠሁት ድምፅ ሥራውን ሊለውጠው ይችላል ወይ? ተመልሶስ ወደ ጆሮዬ ይመጣል ወይ? ሁለቱም ከሌሉ ተሳታፊ ሳልሆን ጥሬ ዕቃ ነኝ። የካሚሪቱ ሴት ሁለቱንም አግኝታለች። የአዝማሪ ቤት እንግዳም ሁለቱንም ያገኛል፤ ያውም እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ።

፮. ወደ ንባብ ማታችን

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ውሳኔያችንን የሚደግፉ ሰዎች ቁም ነገር እንዳላቸው አልክድም። ካምፕ ውስጥ ሰው ሆድ ብሶት ነው የሚኖረው። ከተለያየ ወገን፣ ከተለያየ ጦርነት የመጣን ነን። ሁለት ስንኝ አንድ ሌሊት የሚያሳድር ጠብ ታመጣለች። የካሚሪቱም ሰዎች ቢሆኑ አፍ በማውጣታቸው ቤታቸው ፈረሰ እንጂ ሌላ ምን አገኙ የሚል ይኖራል።

የኋለኛውን በቅድሚያ ልመልስ። ካሚሪቱን ያፈረሰው የሰዎቹ አፍ አይደለም፤ አፋቸውን የፈራው ነው። ዘፈኑም ከፈረሰው እንጨት ጋር አልተቀበረም፤ ቴያትሩ ታትሞ ይነበባል። በ2022 በናይሮቢ እንደገና ታይቷል፤ ታዳሚውም አብሮ ዘፍኗል።

ስለ ጠቡ ደግሞ ይህን አሰብሁ። አዝማሪ ቤት በየማታው ስንኝ ይወረወራል፤ በየማታው ግን ጠብ የለም። ለምን? በመካከል አዝማሪው አለ። እንግዳው ስንኙን የሚወረውረው በሰው ላይ ሳይሆን ለአዝማሪው ነው። አዝማሪው ይቀበለዋል፤ ይገራዋል፤ በዜማ ያለብሰዋል፤ ወደ ተነካው ሰው ሲደርስ ዘፈን ሆኗል። የተነካውም «ተቀበል!» ብሎ በተራው ይመልሳል። በእኛ ማታ «ተቀበል!» ያለ ሰው ነበረ፤ የተቀበለ ግን አልነበረም። አንባቢው ወረቀቱን ይዞ ደነገጠ፤ እኛም ዝም አልን። ስንኙ ተቀባይ አጥቶ በቀጥታ ሰው ላይ አረፈ። ተቀባይ ያጣ ስንኝ ድንጋይ ነው። የጎደለን ዝምታ አልነበረም፤ የጎደለን አዝማሪ ነበር። እኛ ግን የጎደለውን በመሙላት ፈንታ የነበረውን ከለከልን።

ስለዚህ የሚከተለውን ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከተነበበ በኋላ የ«ተቀበል» ጊዜ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ በሦስተኛው ብሎክ ያሉት ወንድማችን ከዘይት ቆርቆሮ የሠሩትን መሰንቆ ይዘው በመካከል ይቀመጡ፤ ማንኛውም ስንኝ በእርሳቸው በኩል ይለፍ። የሚያቀኑትን ያቅኑ፣ የማይዘፈነውን አልዘፍንም የማለት ሥልጣን ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ የተነካ ሰው በእጁ ሳይሆን በስንኝ እንዲመልስ ቅድሚያ ይሰጠው። አራተኛ፣ በሰው ወገንና ሃይማኖት ላይ ስንኝ አይሰጥ።

ይህችም የእጅ ጽሑፍ መጽሔታችን ብትሆን እንደዚያው ናት። የምትጻፈው በአንድ እስክርቢቶ ነው፤ ከድንኳን ድንኳን ስትዞር ግን ኅዳጓ ባዶ ሆኖ ሲመለስ አዝናለሁ። በኅዳጉ ላይ ጻፉ። የተሳሳትሁትን አርሙ። ከእኔ የበለጠ የምታውቁ፣ በተለይም በዕድሜ የገፋችሁ እናቶችና አባቶች፣ መጻፍ ባትችሉ ለልጅ አስጽፉ፤ የካሚሪቱ ሴትም ያደረገችው ይኸንኑ ነው።

በበኩሌ፣ በዚያ ስብሰባ ያወጣሁትን እጅ በዚህ ጽሑፍ አውርጃለሁ። ተቀበሉኝ።